የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በኢንተርኔት የመረጃ ገበያ ላይ የመንግሥት ቁጥጥር እስከ የት ይሁን?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ያጠነጥናሉ። መረጃን የመፈለግ፣ የማነጻጸርና የማሰራጨት ሥራ በኢንተርኔት ሲከናወንና ገበያው በጥቂት ኩባንያዎች እጅ ሲሰበሰብ፣ የውድድር ሕግን የሚያስከብረው የመንግሥት አካል ምን ማድረግ ይገባዋል? በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀም በዋናነት በዋጋ መናር እንደሚለካ ተምረናል። ይሁን እንጂ የመፈለጊያ ሞተርም ሆነ የማኅበራዊ ትስስር ገጽ ተጠቃሚውን ምንም አያስከፍልም። ዋጋው ዜሮ በሆነበት ገበያ ጉዳት ደረሰ የሚባለው በምን መለኪያ ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን ያነሱት ነጥብ የብዙ ተቆጣጣሪዎችን እጅ ለረጅም ጊዜ አስሮ የቆየ ነው። ዋጋ ዋነኛ መለኪያ የሆነው ለመቁጠር ስለሚቀል እንጂ ሕጉ ሌላ ጉዳት ስለማያውቅ አይደለም። በ1890 የወጣው የአሜሪካው የሸርማን ሕግ የሚከለክለው ንግድን የሚገድቡ ስምምነቶችን እንዲሁም ገበያን በብቸኝነት መያዝን ወይም ለመያዝ መሞከርን ሲሆን፣ ዋጋ ከዚህ መጠን ካለፈ ጥፋት ነው የሚል አንቀጽ የለውም። ስለዚህ ተጠቃሚው ካልከፈለ ጉዳት የለም የሚለው ድምዳሜ ከሕጉ ሳይሆን ከልማድ የመጣ ነው።

ከዚያም በላይ፣ ነጻ የሚባለው አገልግሎት ነጻ የሆነው ለአንደኛው ወገን ብቻ ነው። የመፈለጊያ ሞተር በአንድ በኩል ፈላጊዎችን፣ በሌላ በኩል አስተዋዋቂዎችን ያስተናግዳል፤ ገንዘቡ የሚመጣውም ከሁለተኛው ወገን ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ አሚት ሜህታ በ2024 ጉግል የፍለጋ ገበያውን በሕገ ወጥ መንገድ በብቸኝነት ይዟል ብለው ሲወስኑ ከጠቀሷቸው ነጥቦች አንዱ፣ ኩባንያው በፍለጋ ውጤቶች ላይ የሚወጡ የጽሑፍ ማስታወቂያዎችን ዋጋ የተፎካካሪ ስጋት ሳይኖርበት ከፍ ማድረግ መቻሉ ነበር። አስተዋዋቂው የከፈለው ጭማሪ ደግሞ በሚሸጠው ዕቃ ዋጋ ውስጥ ገብቶ፣ ምንም አልከፈለም የተባለው ፈላጊ ዘንድ ተመልሶ ሊደርስ ይችላል።

በእኔ ግምት ግን ይበልጥ የሚያሳስበው በገንዘብ የማይቆጠረው ጉዳት ነው። ተጠቃሚው የሚሄድበት ሌላ ቦታ ከሌለው፣ አገልግሎት ሰጪው ጥራቱን ቢቀንስ፣ ማስታወቂያውን ቢያበዛ ወይም የግል መረጃውን ያለ ልክ ቢሰበስብ የሚያጣው ደንበኛ የለም። የጀርመን የውድድር ባለሥልጣን በ2019 ፌስቡክ ከሌሎች ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች የሚሰበስበውን መረጃ ያለ ተጠቃሚው ፈቃድ ከፌስቡክ አካውንቱ ጋር እንዳያዋህድ ያገደው ይህንኑ ዓይነት ጉዳት መሠረት አድርጎ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤትም በ2023፣ የውድድር ባለሥልጣን የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን ሲመረምር የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ መጣሱንም ሊመለከት እንደሚችል አረጋግጧል።

በጉግል ክርክር ላይ ይፋ የወጣ አንድ አኃዝ እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። ኩባንያው መፈለጊያው በስልኮችና በድር ማሰሻዎች ላይ ቀድሞ የተመረጠ ሆኖ እንዲገኝ በ2021 ብቻ ለአፕልና ለሌሎች አጋሮቹ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ተጠቃሚው ካልተስማማው በቀላሉ ሌላ መፈለጊያ ይመርጣል የሚለው መከራከሪያ በተግባር ቢሠራ ኖሮ፣ ለዚያ ቦታ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ አስተዋይ ነጋዴ ባልተገኘ ነበር። አብዛኛው ሰው ስልኩን እንደተሰጠው እንደሚጠቀም ከፋዩም ተቀባዩም ያውቃሉ። ስለዚህ በዜሮ ዋጋ ገበያ ጉዳትን የሚፈልግ መርማሪ ከዋጋ ዝርዝሩ ይልቅ ኮንትራቶቹን ቢያነብ የበለጠ ያገኛል።

ጥያቄ፦ የሸቀጦችን ዋጋ የሚያነጻጽር አነስተኛ ድረ ገጽ አዘጋጅ ነኝ። ከጎብኚዎቻችን አብዛኞቹ የሚመጡት በአንድ የመፈለጊያ ሞተር በኩል ነው። ባለቤቱ የራሱን የዋጋ ማነጻጸሪያ ከጀመረ ወዲህ የእኛ ገጽ ወደ ታች ወርዷል። ሰው በገዛ ገጹ የራሱን ምርት ቢያስቀድም መንግሥት ምን አገባው የሚሉኝ አሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ይህ ክርክር ከኢንተርኔት ፍለጋ በፊት የተነሣና አንድ ጊዜም በአግባቡ መልስ ያገኘ ነው። የአሜሪካ አየር መንገዶች የጉዞ ወኪሎች በረራ የሚፈልጉባቸውንና ትኬት የሚቆርጡባቸውን የኮምፒውተር ሥርዓቶች በባለቤትነት ይዘው ነበር፤ ሴብር የአሜሪካን ኤርላይንስ፣ አፖሎ ደግሞ የዩናይትድ ኤርላይንስ ነበሩ። ወኪሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው በመጀመሪያው ማሳያ ላይ ከተደረደሩት በረራዎች ስለነበር፣ ባለቤቶቹ የራሳቸውን በረራ ከላይ እያስቀመጡ የተፎካካሪዎቻቸውን ወደ ታች ይገፉ ነበር። ለመንገደኛው ይበልጥ የሚመቸው በረራ ሥርዓቱ ውስጥ እያለ ከዓይን ይሰወር ነበር ማለት ነው። የአሜሪካ ሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድ በ1984 ባወጣው ደንብ የበረራዎች አደራደር በአየር መንገዱ ማንነት ላይ እንዳይመሠረት ከለከለ፤ የአውሮፓ ማኅበረሰብም በ1989 ተመሳሳይ ደንብ አወጣ። አሜሪካ ደንቡን ያነሣችው በ2004 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አየር መንገዶቹ የሥርዓቶቹን ባለቤትነት ለቀው፣ መንገደኞችም በኢንተርኔት በቀጥታ መግዛት ጀምረው ነበር። ደንቡ ለተወለደበት ችግር ሠርቶ፣ ችግሩ ሲቀር መነሣቱን እንደ መልካም አርአያ እቆጥረዋለሁ።

የእርስዎ ጉዳይ ከዚህ ታሪክ ጋር በጣም ይቀራረባል። የአውሮፓ ኅብረት አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን በ2017 ጉግልን 2.42 ቢሊዮን ዩሮ የቀጣው የራሱን የግዢ ማነጻጸሪያ በውጤቶቹ አናት ላይ ጎልቶ እንዲታይ እያደረገ፣ ተፎካካሪዎቹን ግን ለራሱ አገልግሎት በማይተገብራቸው የደረጃ መስፈርቶች ዝቅ በማድረጉ ነው። ኮሚሽኑ እንዳስታወቀው ከተፎካካሪዎቹ የተሻለ ደረጃ ያገኘው እንኳ በአማካይ ይታይ የነበረው በአራተኛው የውጤት ገጽ ላይ ሲሆን፣ በኮምፒውተር በሚደረጉ ፍለጋዎች ከጠቅታዎቹ 95 በመቶ ያህሉን የሚወስዱት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሉት አሥሩ ውጤቶች ናቸው። በአራተኛው ገጽ ላይ መቀመጥና ጨርሶ አለመኖር ለነጋዴው አንድ ናቸው።

የጥፋቱ እምብርት ባለቤቱ የራሱ ምርት ያለው መሆኑ አይደለም። አብዛኛው ሕዝብ መረጃ የሚያገኝበት መተላለፊያ በአንድ እጅ ሲሆንና ያ እጅ ለራሱ አንድ፣ ለሌላው ሌላ መመዘኛ ሲጠቀም ነው ውድድሩ የሚበላሸው። ተቆጣጣሪው ውጤቶቹን የሚደረድረውን ቀመር (አልጎሪዝሙን) ራሱ ይጻፍ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ እንዲህ ያለው ሥልጣን በመንግሥት እጅም አደገኛ ነው። ተቆጣጣሪው መጠየቅ ያለበት፣ ባለቤቱ ሌሎችን የሚመዝንበት መስፈርት በራሱ አገልግሎት ላይ ቢተገበር ኖሮ አገልግሎቱ አሁን ባለበት ቦታ ይገኝ ነበር ወይ የሚለውን ነው። በኮሚሽኑ ውሳኔ ውስጥም ክብደት ያገኘው ይኸው ጥያቄ ነው።

ልብ ሊሉት የሚገባው መራራ እውነት የጊዜው ርዝመት ነው። ኮሚሽኑ ምርመራውን የከፈተው በ2010 ሲሆን፣ የኅብረቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመጨረሻ ፍርዱን የሰጠው በ2024 ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደግሞ ተመሳሳይ ቅሬታ መርምሮ በ2013 ያለ ክስ ዘግቶታል። ስለዚህ አቤቱታ ለማቅረብ ካሰቡ ዛሬውኑ ማስረጃ ማሰባሰብ ይጀምሩ። የጎብኚዎች ቁጥር ከለውጡ በፊትና በኋላ በየዕለቱ ምን እንደሚመስል የሚያሳየውን የሰርቨር መዝገብ፣ በተመሳሳይ የፍለጋ ቃላት የተገኙ የውጤት ገጾችን ፎቶ ከነቀናቸው፣ እንዲሁም በዚያው ወቅት በራስዎ ድረ ገጽ ላይ ያደረጓቸውን ለውጦች ይያዙ። የመጨረሻው የሚያስፈልገው ተከሳሹ መጀመሪያ የሚያቀርበው መከላከያ የገጽዎ ጥራት ወርዷል የሚል ስለሚሆን ነው።

ጥያቄ፦ በሶፍትዌር ሥራ የምተዳደር ነኝ። የመንግሥት ባለሙያዎች ገና በመወለድ ላይ ያለ ገበያ ነገ ምን እንደሚመስል ሊያውቁ አይችሉም። ትናንት የማይነቀነቅ ይባል የነበረው ኩባንያ ዛሬ የለም። ገበያው ራሱን እስኪያርም መጠበቅ የተሻለ አይደለምን?

መልስ፦ ከሥጋትዎ ግማሹ ትክክል ነው፤ ማስረጃም አለው። የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ኤኦኤልና የመገናኛ ብዙኃን ኩባንያው ታይም ዋርነር በ2000 ሊዋሐዱ መሆኑን ሲያስታውቁ፣ አዲሱ ኩባንያ የኢንተርኔቱን መረጃ ከምንጩ እስከ ቤት ድረስ ይቆጣጠራል የሚል ፍርሃት ነግሦ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ውህደቱን የፈቀደው ኩባንያው የኬብል መስመሩን ለተፎካካሪ ኢንተርኔት አቅራቢዎች እንዲከፍት ግዴታ ጥሎበት ሲሆን፣ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደግሞ የፈጣን መልእክት አገልግሎቱን የሚመለከት ገደብ ጨመረ። የተፈራው የበላይነት ግን አልመጣም፤ ሁለተኛው ገደብ በ2003 ተነሣ፣ ኩባንያዎቹም በ2009 ተለያዩ። ተቆጣጣሪዎቹ የዘመኑን ግዙፍ አይተው የሚቀጥለውን አላዩም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ታሪክ ዝም ብሎ መጠበቅ ይሻላል የሚል ትምህርት አይወጣም። መጠበቅም ዋጋ አለው፤ ያ ዋጋ ግን የሚወድቀው ስማቸውን በማናውቃቸው፣ ሳያድጉ በቀሩ ድርጅቶች ላይ ስለሆነ አይታየንም። የአሜሪካ መንግሥት ማይክሮሶፍትን በ1998 ሲከስስ ከጉዳዮቹ ዋነኛው ኔትስኬፕ የተባለውን የድር ማሰሻ ከገበያ ለማስወጣት የተደረገው ጥረት ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2001 ኩባንያው ለሁለት ይከፈል የሚለውን ትእዛዝ ቢሽርም የበላይነቱን በሕገ ወጥ መንገድ ማስጠበቁን አጸና። ያን ጊዜ ኔትስኬፕ ራሱን የቻለ ተፎካካሪ መሆኑ ቀርቶ ለኤኦኤል ተሽጦ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ማለት ነው።

የመረጃ ገበያ ከሌላው የሚለይበት ምክንያት አለው። የመልእክት መተግበሪያ ጠቀሜታው የሚጨምረው ወዳጆችዎ ሲጠቀሙበት ነው፤ የመፈለጊያ ሞተር የሚሻሻለው ሰዎች ምን ፈልገው ምን ላይ ጠቅ እንዳደረጉ የሚያሳየው መረጃ ሲከማችለት ነው። በዚህ ምክንያት መጀመሪያ ላይ ትንሽ የነበረ ብልጫ ራሱን እያሳደገ ይሄዳል፣ ገበያውም ከአንድ ደረጃ በኋላ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ካጋደለ በኋላ የተሻለ ምርት ይዞ መምጣት ብቻውን አይበቃም፤ አዲሱ ተፎካካሪ ተጠቃሚ ስለሌለው መረጃ አያገኝም፣ መረጃ ስለሌለውም ተጠቃሚ አያገኝም። ዳኛ ሜህታ በ2025 በሰጡት የመፍትሔ ትእዛዝ ጉግል ክሮም የተባለውን የድር ማሰሻውን ይሽጥ የሚለውን ጥያቄ ሳይቀበሉ፣ ብቸኝነትን የሚያረጋግጡ ውሎችን አግደው፣ የተወሰነ የፍለጋ መረጃውን መስፈርቱን ለሚያሟሉ ተፎካካሪዎች እንዲያካፍል ያዘዙት ይህን ክበብ ለመስበር ነው።

ስለ ውህደቶች ደግሞ ሊታለፍ የማይገባ ታሪክ አለ። ፌስቡክ ኢንስታግራምን በ2012 በ1 ቢሊዮን ዶላር፣ ዋትስአፕን በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ ተቆጣጣሪዎች አልከለከሉትም። ኩባንያው የዋትስአፕን ግዢ ለአውሮፓ ኮሚሽን ሲያሳውቅ የሁለቱን አገልግሎቶች አካውንቶች በአስተማማኝ ሁኔታ በራስ ሰር ማዛመድ እንደማይችል ገልጾ ነበር፤ በ2016 ግን ዋትስአፕ የተጠቃሚዎችን ስልክ ቁጥር ከፌስቡክ ማንነታቸው ጋር ማገናኘት የሚያስችል የአጠቃቀም ውል አወጣ። ኮሚሽኑ በ2017 አሳሳች መረጃ ሰጥቷል ብሎ 110 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ ውህደቱ ግን ጸንቶ ቀረ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሁለቱን ግዢዎች ለማፍረስ በ2020 ያቀረበውን ክስ ደግሞ ዳኛ ጄምስ ቦስበርግ በ2025 ውድቅ አደረጉት፤ ምክንያታቸውም ኮሚሽኑ ኩባንያው አሁን፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ባሉበት ገበያ፣ ብቸኛ የበላይነት እንዳለው አላስረዳም የሚል ነበር። ገበያው በመጨረሻ ራሱን አርሟል የሚሉ ሰዎች ይህን ፍርድ ይጠቅሳሉ። እኔ የማነብበው በሌላ መንገድ ነው፦ በግዢው ዕለት መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅ፣ ገበያው ተለዋውጦ ትክክለኛ መልስ ማግኘት የሚያስቸግር ሆኗል።

የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግን ያወጣው ከዚህ መዘግየት ተምሮ ነው። በኅብረቱ ውስጥ በወር ቢያንስ 45 ሚሊዮን ተጠቃሚዎችና በዓመት ቢያንስ 10,000 የንግድ ተጠቃሚዎች ያሏቸውን አገልግሎቶች የሚሰጡ፣ በገቢ ወይም በገበያ ዋጋ የተቀመጠውን ጣሪያ የሚያልፉ ኩባንያዎች «በር ጠባቂ» ተብለው ይሰየማሉ፣ ግዴታዎቹም ክስ ሳይጠበቅ ይጸኑባቸዋል። በመጀመሪያው ዙር በ2023 የተሰየሙት ስድስት ነበሩ፦ አልፋቤት (የጉግል ባለቤት)፣ አማዞን፣ አፕል፣ ባይትዳንስ (የቲክቶክ ባለቤት)፣ ሜታ (የፌስቡክ ባለቤት) እና ማይክሮሶፍት። ሕጉ ትልቁን መንጥሮ ትንሹን በመተዉ ለእርስዎ ዓይነት የሶፍትዌር ባለሙያ ሸክም አይሆንም። እኔ የምደግፈው ቁጥጥር ቀድሞ የሚመጣ፣ ጠባብና የሚቀለበስ ነው። ለአዳዲስ ተፎካካሪዎች በር የሚያስከፍት ግዴታ ይጣል፣ ማብቂያ ቀኑ ወይም የሚከለስበት ጊዜ አብሮ ይጻፍ፣ ገበያው ከተከፈተም ይነሣ። የኤኦኤሉ ዓይነት የተሳሳተ ትንበያ እንኳ በዚህ መልክ ከተሠራ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ነው፤ ያልተከለከለ ውህደትን ከአሥር ዓመት በኋላ መበተን ግን የማይቻል ያህል ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ጋዜጠኛ ነኝ። መንግሥት የመረጃ ገበያን እቆጣጠራለሁ ሲል እኔ የምሰማው ሳንሱርን ነው። ሥጋቴ የተጋነነ ነው?

መልስ፦ የተጋነነ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ድንበሩን በጥንቃቄ ማበጀት ነው። አሶሼትድ ፕሬስ የተባለው የአሜሪካ ጋዜጦች የጋራ የዜና ማኅበር አንድ አባል ጋዜጣ ተፎካካሪው እንዳይገባ እንቅፋት ለመሆን የሚያስችለው መተዳደሪያ ደንብ ነበረው፤ አባላቱም ዜናውን አባል ላልሆነ እንዳይሰጡ ተከልክለው ነበር። መንግሥት ሲከስሰው ማኅበሩ የፕሬስ ነጻነትን ጠቅሶ ተከራከረ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1945፣ ዳኛ ሁጎ ብላክ በጻፉት ውሳኔ፣ የማተም ነጻነት የተረጋገጠ ቢሆንም ሌሎች እንዳያትሙ ለማድረግ መተባበር ግን በዚያ ነጻነት ሥር እንደማይጠለል በየነ። በ1995ም የአውሮፓ ፍርድ ቤት በአየርላንድ የሚታዩ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሳምንታዊ የፕሮግራም ዝርዝራቸውን በአንድ መጽሔት አሰባስቦ ለማውጣት ለፈለገው ማጊል ለተባለ አሳታሚ መከልከላቸው የበላይነትን አላግባብ መጠቀም ነው የሚለውን ውሳኔ አጽንቷል። በሁለቱም ጉዳዮች መንግሥት ምን ይጻፍ፣ ምን አይጻፍ አላለም፤ ያስከፈተው የመረጃውን መንገድ ነው።

ስለዚህ አንድ አገር ይህን ቁጥጥር ሲያቋቁም ሥልጣኑ በማን እንደተያዘ ይመልከቱ። ለመገናኛ ብዙኃን ፈቃድ የሚሰጠው ወይም ይዘትን የሚገመግመው መሥሪያ ቤት ራሱ የውድድር ዳኛ ከሆነ፣ የበላይነት ክስ የማይወደድ ድምፅን መቅጫ ሊሆን ይችላል፣ እርስዎም ሊቃወሙት ይገባል። ባለሥልጣኑ ከአስፈጻሚው ነጻ ከሆነ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ካሳተመና ውሳኔው በፍርድ ቤት የሚመረመር ከሆነ ግን፣ ለጋዜጠኛ ከጥቂት የግል ኩባንያዎች ያልታተመ ደንብ ይልቅ የተሻለ ዋስትና ነው።

ጥያቄ፦ የዜና ድረ ገጽ አሳታሚ ነኝ። የመፈለጊያና የማኅበራዊ ትስስር መድረኮቹ በዜናችን ይጠቀማሉ፣ የማስታወቂያው ገቢ ግን እነሱ ዘንድ ይቀራል። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጽሑፋችንን ጨምቆ መልስ ስለሚሰጥ አንባቢ ወደ እኛ መምጣቱን እያቆመ ነው። ክፍያን በሕግ ማስገደድ መፍትሔ ይሆናል?

መልስ፦ የተሞከሩት መንገዶች የተለያየ ውጤት አምጥተዋል። አውስትራሊያ በ2021 መድረኮችና አሳታሚዎች እንዲደራደሩ፣ ካልተስማሙም ወደ አስገዳጅ ዳኝነት እንዲሄዱ የሚያስችል ሕግ ስታወጣ፣ ፌስቡክ ለቀናት ዜናን ካገደ በኋላ ተመልሶ ከአሳታሚዎች ጋር ተዋዋለ። ካናዳ በ2023 ተመሳሳይ ሕግ ስታወጣ ጉግል በዓመት 100 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለመክፈል ሲስማማ፣ ሜታ ግን ከፌስቡክና ከኢንስታግራም ላይ ዜናን ጨርሶ አስወገደ። መድረኩ ጥሎ መውጣት የሚችልበት የክፍያ ሕግ አሳታሚውን ያለ ገንዘብም ያለ አንባቢም ሊያስቀረው እንደሚችል በዚህ ታይቷል። ክፍያው ለትልልቆቹ የዜና ተቋማት የሚያዳላ መሆኑም ያሳስበኛል፤ ድርድር የሚያውቁ ጠበቆች ያሏቸው እነሱ ናቸውና።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ረገድ ፈረንሳይ የወሰደችው መንገድ የበለጠ ተስፋ ይሰጠኛል። የአገሪቱ የውድድር ባለሥልጣን በ2024 ጉግልን 250 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው ለአሳታሚዎች የገባቸውን ግዴታዎች ባለማክበሩ ሲሆን፣ ከጥፋቶቹ አንዱ ባርድ የተባለውን የአስተውሎት አገልግሎቱን በዜና ይዘታቸው ሳያሳውቃቸው ማሠልጠኑ ነበር። ጉግል ከ2023 ጀምሮ አሳታሚዎች ይዘታቸው ለዚህ ዓይነት ሥልጠና እንዳይውል የሚከለክሉበት ምልክት አቅርቧል። ያ ምልክት ግን በፍለጋ ገጹ ላይ የሚወጡትን በአስተውሎት የተጨመቁ መልሶች አይመለከትም፤ እነሱ የሚመገቡት ለተራው ፍለጋ ገጾችን በሚሰበስበው ፕሮግራም በኩል ነው። አሳታሚው ከጭማቂው ለመውጣት የሚገደደው ገጹ በፍለጋ የሚታይበትን መጠን በመቀነስ ነው ማለት ነው፣ ያን ደግሞ የሚደፍር የለም።

የበላይነት በአንዱ ገበያ ተይዞ በሌላው የሚሠራበት መንገድ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሆኖ አይገኝም። ተቆጣጣሪው የክፍያውን መጠን ከመተመኑ በፊት ሁለቱን ፈቃዶች እንዲለያዩ ማዘዝ አለበት፦ በፍለጋ ለመታየት የሚሰጥ ፈቃድ ለብቻው፣ ለአስተውሎት መልስ የሚሰጥ ፈቃድ ለብቻው፣ አንዱን የከለከለም በሌላው እንዳይቀጣ። አሳታሚው ያለ ቅጣት እምቢ ማለት ሲችል ዋጋውን መደራደር ይችላል። ማኅበራችሁ ለባለሥልጣኑ የሚያቀርበው አቤቱታ ከገንዘቡ ይልቅ በዚህ ነጥብ ቢጀምር፣ ከአባላት መካከል ምልክቱን የተጠቀሙትና ያልተጠቀሙት ድረ ገጾች የጎብኚ መዝገብ ጎን ለጎን ተያይዞ ቢቀርብ እመክራለሁ።